የተቆጣጣሪው የደጅ ወንበር

ሰውየው አንድም ወንበር ሳይሠራ ዕድሜ ልኩን ከወንበር ጋር የኖረ ሰው ነው። የሥራ መደቡ «የዕቃ ጥራት ተቆጣጣሪ» ይባል ነበር። አናጢዎች ለመሥሪያ ቤቱ የታዘዙትን ጠረጴዛና ወንበር በጭነት መኪና አምጥተው ግቢው ውስጥ ይደረድራሉ፤ እሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞራቸዋል። ያገላብጣል፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ማሽተት ሳይቀር ያሸታል። ከዚያ ከደረት ኪሱ ቀይ ጠመኔ ያወጣና ኤክስ ያደርግበታል። ያለፈ ዕቃ ላይ ክብ ይደረጋል ይባላል፤ ክቡን በዓይኔ አየሁ የሚል አናጢ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ሰዉ «አይሆንም» ብሎ ስም አወጣለት። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ በውስጡ ግን ደስ ሳይለው አልቀረም።

ጡረታ የወጣ ለት ባልደረቦቹ አዋጥተው ጥሩ ወንበር አበረከቱለት። አመሰግናለሁ ከማለቱ በፊት ገልብጦ ሥሩን አየ። ኮላው በደንብ ያልተጠረገበት ቦታ ነበር። ወንበሩ እዚያው መሥሪያ ቤት ቀረ፤ ጠመኔው ግን አብሮት ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ። የበሩ ማጠፊያ ጮኸ፣ የመጋረጃው ጠርዝ ተንሻፈፈ፣ የጠረጴዛው ልብስ በአንድ በኩል ረዘመ። ሴት ልጁ እጮኛዋን ልታስተዋውቅ ያመጣች ቀን እናቷ ጠመኔውን ከኮቱ ኪስ አውጥታ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀብራው ነበር። እጮኛው ባል ከሆነ በኋላ እንኳ አማቱን ባየ ቁጥር ጎበጥ ያለ ትከሻውን ቀጥ ማድረግ አልተወም።

ሚስቱ ሳቂታ ነች። አቃቂሩን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታፈስሰዋለች። በቤቱ ውስጥ ያለ ነቀፋ የጸደቀው አንድ ዕቃ ቢኖር የማድ ቤቱ የሳህን መደርደሪያ ነው። ሲሰቀል ራሱ አጠገቡ ቆሞ፣ መደርደሪያ የሚሰቀለው በዓይን ትክክል ነው ብሎ አስለክቶ አሰቅሎታል። በማን ዓይን ትክክል እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሚስቱ ሳህን ለማውረድ ባልዲ ገልብጣ እየወጣች ልጅ አሳደገች፣ ፀጉሯም ሸበተ። አንድ ቀን ባልዲው ተንሸራተተና ዳሌዋ ተሰበረ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ የጠዋት ፀሐይ አዘዘላት። ደጅ ትቀመጥ፤ ወንበሩ ግን እንደ ሶፋ የሚሰምጥ አይሁን፣ ተደግፋ የምትነሣበት ጠንካራ ክንድ ይኑረው፣ እግሯም መሬት ይርገጥ አለ። ተቆጣጣሪው ነገሩን ከአፉ ነጥቆ፣ የወንበር ልክ ለእሱ እንደማይነገር አስረዳው። ሐኪሙም ሌሎች በሽተኞች ስለነበሩት እሺ ብሎ ሸኛቸው።

ቤት ውስጥ ያሉት ወንበሮች ክንድ የላቸውም፤ ሶፋው ገደል ነው። ስለዚህ ሴትየዋ መኝታ ቤት፣ አልጋ ላይ፣ ፊቷን ወደ ቁም ሣጥኑ አድርጋ ቀረች። ከደጅ የማትጠፋ፣ አላፊ አግዳሚውን በየስሙ የምትጠራ ሴት የቁም ሣጥን እጀታ ስታይ መዋል ጀመረች።

ባልየው የሰፈሩ አናጢዎች ዘንድ ሄደ። የመጀመሪያው ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤቱ ነው። ሲያየው መዶሻውን አስቀመጠ፤ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማ።

«ወንበሩን የሚረከበው ማነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን ሊረከብ ነው?»

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ሁለተኛው እንጨት ክምር ላይ ቁጭ ብሎ እንጨት የለኝም አለ። ሦስተኛው ከሩቅ ሲያየው በሩን ዘግቶ ትንፋሹን ዋጠ። የልጁ ባል ይህን ሰምቶ ከትልቅ ሱቅ የተገዛ የደጅ ወንበር በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ተቆጣጣሪው ገለበጠው። ኋለኛው እግር ላይ ጉጥ አገኘ። ጉጥ ያለበት እግር ይሰበራል፣ የተሰበረ ነገር ደግሞ ቤታችን ውስጥ በቂ አለን ብሎ ኤክሱን አሰመረ። አማቹ ወንበሩን መልሶ ተሸክሞ ሲወጣ ሴትየዋ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት አየችው።

«እኔ ወንበር አልጠየቅኩህም» አለችው ባሏን ሲገባ። «ፀሐይ ነው የጠየቅኩህ።»

ይህ ንግግር አንጀቱን በላው። ሲንቆራጠጥ አመሸና በማግሥቱ ወንበሩን እኔው ራሴ እሠራዋለሁ ብሎ ተነሣ። ነገሩን ሲያሰላው ምንም የሚያስቸግር አልነበረም። የወንበርን ስህተት አንድም ሳይቀር የሚያውቅ ሰው፣ እነዚያን ስህተቶች ሳይሠራ ሲቀር ወንበር ይወጣዋል። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ማዕዘንና ውሃ ልክ ገዛ። ጣውላ ሻጩን ክምሩን ከላይ እስከ ታች አስገልብጦ፣ ሰውየው እንጨት መሸጡን እስኪጠላ ድረስ መረጠ።

ችግሩ የመጣው መጋዙ እንጨት ሲነካ ነው። በእርሳስ ያሰመረለትን መስመር መጋዙ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በገዛ መንገዱ ሄደ። መላጊያው አንዱን ቦታ ዘሎ ሌላውን ጎረደ። መሮው ቀዳዳውን ከሚገባው በላይ ስላሰፋው የሚሰካው እንጨት እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ። ያም ሆኖ ሰውየው ላቡን ጠርጎ የመጀመሪያዎቹን እግሮች አቆመ።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ትዝ አለው። ደንቡ ሠሪና ተረካቢ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም ይላል። ስለዚህ ሽርጡን ፈታ፣ እጁን ታጠበ፣ ቤት ገብቶ ኮቱን ለበሰ፣ መነጽሩን አደረገ፤ ከዚያ ከመሥሪያ ቤት እንደመጣ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ግቢው ወጣ። እግሮቹን ዞረ። ይህን የሠራው ማነው ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ። መላጊያ አያያዝ የማያውቅ ሰው አናጢ ነኝ ማለቱ ያሳፍራል አለ። ኤክስ አሰመረና ገባ። ኮቱን አውልቆ፣ ሽርጡን ታጥቆ ሲመለስ የሚጠብቀው ኤክስ ነው፤ ሆድ እየባሰው እንደገና ጀመረ።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ጠዋት አናጢ ነው፣ ከሰዓት ተቆጣጣሪ። ሚስቱ ከአልጋዋ ሆና የሁለት ሰዎች ጠብ ትሰማለች፤ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ያጉተመትማል፣ አንዳንዴም አናጢው ደፍሮ መልስ ይሰጣል። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቱ አናጢ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። ዕድሜውን ሙሉ የተሰደበውን ስድብ ሌላ ሰው ሲሰደበው መስማት እንዴት አንጀት እንደሚያርስ ለሚስቱ አውርቶላታል ይባላል።

መጀመሪያ ሰሞን ሚስቱ ደረሰልህ ወይ እያለች ትጠይቅ ነበር። ኋላ መጠየቋን ተወች። ግቢው ውስጥ ኤክስ የተደረገበት እንጨት እየተከመረ ሄደ፤ ደመናው ከረፋዱ ጀምሮ ማንዣበብ አመጣ፤ ዝናቡ ከገባ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ መጋረጃውን ሊከፍትላት እጁን ሲዘረጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ተወው፣ ይዘጋ» አለችው። «ዓይኔን ይወጋኛል።»

ሰውየው ደነገጠ። ያን የሚያህል ነገር አቃንቻለሁ የሚል ሰው ይህቺን አንዲት ነገር የሚያቃናበት አጣ። ወጥቶ የኤክሱ ክምር ላይ ተቀመጠ፤ እሷን እያጣት እንደሆነ ያኔ ገባው፤ ፈራም። ከዚያ ቀን በኋላ ኮቱ ከመስቀያው አልወረደም። መጋዙ ሲያፈነግጥ እያፈነገጠ፣ ምስማሩ ሲጣመም እየተጣመመ፣ ተቆጣጣሪ ያልተጠራበት ሥራ ተሠራ። እግሩ ቆመ፣ መቀመጫው ተገጠመ፣ መደገፊያው ጋደል ብሎ ተሰካ፣ ክንዶቹ በብርጭቆ ወረቀት ታሽተው ቫርኒሽ ተቀቡ።

ሳይመረመር ግን አይሰጣትም፤ ያን ያህልማ አልተለወጠም። ቫርኒሹ ሲደርቅ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ቁመቱን ለካ፤ የመሥሪያ ቤቱ መደበኛ ልክ፣ የፀጉር ያህል እንኳ ልዩነት የለውም። ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ አረፋው መሃል ላይ ቆመ። ገለበጠው። መቀመጫው ሥር መጋዝ የሸረከተው ቦታ ነበር። ትንሽ አየውና መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጠመኔውን አውጥቶ ክብ አደረገ። ክቡ ተንጋዷል፤ እጁ አልለመደውማ።

ደግፎ አወጣት። በከዘራዋ እየተመረኮዘች፣ በፀሐዩ ዓይኗን እያጨነቆረች መጣች፤ ወንበሩን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ። ክንዶቹን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ተቀመጠች። ተረከዟ መሬት ፈልጎ አጣ። ሁለቱ እግሮቿ አየር ላይ ተንጠለጠሉ፤ የታመመው ዳሌ ተጎተተና ከንፈሯን ነከሰች።

«ልኩ ትክክል ነው» አለ ተቆጣጣሪው ሳያስበው። «የወንበር ልክ ይኸው ነው።»

«ለማን?» አለችው።

እግሮቿን አየ። ስንት ዘመን አብሮት የኖረ ሰው እግር እንዲህ አጭር መሆኑን የሚያውቅ ይመስለው ነበር፤ አያውቅም። ከዚያ ባልዲው ትዝ አለው። ባልዲውን ሁሌም የሚያየው ማድ ቤቱ ውስጥ ያለ ቦታው ተገልብጦ ነበር፤ እሱንም አንሱት ይል ነበር። ለምን እንደተገለበጠ ጠይቆ አያውቅም።

የበሩ መቃን ላይ ደግፎ አቆማት። ሜትሩን አውጥቶ መሬት ላይ ተንበረከከና ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ ጀርባ ለካት። ያን ሁሉ ዘመን ሜትሩን ወደ እሷ ሲያዞር የመጀመሪያው ነው። ልኩን አላምን ብሎ ደግሞ ለካ። እሷ ያኮረኩራል ብላ ሳቀች። ወንበሩን አጋድሞ አራቱንም እግር መቁረጥ ጀመረ፤ መጋዙም እንደ ልማዱ ባንደኛው እግር ላይ ወደፈለገበት ሄደ። ሲያቆሙት ወንበሩ ዘመም አለ።

ተቀመጠች። ተረከዟ መሬት ረገጠ። ትከሻዋ ወረደ፣ ፀሐዩ ጉልበቷ ላይ አረፈ፣ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። እሱ ግን የሚያየው አጭሩን እግር ብቻ ነው። እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ።

«ኧረ ተው» አለችው። «ክቡን ያደረግከው አንተ አይደለህ?»

«ከዚያ በኋላ ተቆርጧል። እንደገና መታየት አለበት።»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

ጠመኔውን ከእጁ ወስዳ የክንዱ ማሳረፊያ ላይ፣ እጇ ባረፈበት ቦታ፣ የራሷን ክብ አደረገች። እሱ ከቆረጠው እግር የወደቀች ስባሪ አንሥቶ አጭሩ እግር ሥር ወሸቀ። ወንበሩ ዝም አለ። ጠመኔውን መልሳ ዘረጋችለት።

«ይኼን ይዘህ ማድ ቤት ግባ» አለችው።

ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ገባ። መደርደሪያው በዓይኑ ትክክል፣ ያለ አንዳች እንከን ተሰቅሏል። እጁን በሚስቱ ቁመት ልክ ዘረጋ፤ ሳህኖቹ ጋ አይደርስም። ከዚያ ኤክስ አደረገበትና ሳህኖቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ፤ ሚስቱ ደጅ ሆና ከአጥሩ ወዲያ ካለው አናጢ ጋር ስትሳሳቅ ይሰማዋል።