ከዜሮ የሚቆጥሩት መምህር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢደመር ስንት ይወጣዋል? በሐኪም ቤቱ አግዳሚ ጫፍ የተቀመጡት ሽማግሌ ስለ ራሳቸው ቢጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው። ሠላሳ ዓመት ኮምፒውተር አስተምረዋል፤ የኮታቸው ኪስ ዛሬም የጠመኔ ብናኝ አላጣም። ስለ ማሽን ትውስታ ሲያስረዱ የኖሩት ሰው የገቡበትን በር ጠይቀው ነው የሚወጡት፤ በዚህም ቀድመው የሚስቁት ራሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ተራዎ ስንት ነው?» አለቻቸው አንድ ቦታ አልፋ እዚያው አግዳሚ ላይ የተቀመጠች ሴት።

«ዜሮ! አስታማሚ ነኝ፣ ልጄ። ኮምፒውተርም አሬይ የሚባል እንዲህ ያለ አግዳሚ አለው፤ እኩል እኩል ቦታዎች ተያይዘው ይደረደሩበታል። መነሻውን ካወቅሽ፣ ስንት ቦታ አልፈሽ እንደምትሄጂ ማስላት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጋ ለመድረስ ምንም አታልፊም፤ ስለዚህ ዜሮ ነው። ይኸው፣ እኔም ተምሬ ተምሬ እዚሁ ቀረሁ!»

ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ የሽማግሌው ባለቤት ጠዋት ከዚያ ተጠርተው ገብተው፣ በዚያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተወስደዋል።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! የቆመ ሰው አለ!» አለ ጥበቃው።

በአሬይም አንዱ ከመካከል ሲወጣ የኋለኞቹ አንድ አንድ ቦታ ይጠጋሉ። ሽማግሌው ይህ ያልገባውን ስንቱን ተማሪ በፈተና ጥለዋል! አሁን ግን አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ሲጠጋባቸው፣ ባዶው ቦታ ላይ አኑረውት የነበረውን ባርኔጣ ወደ ጭናቸው እየሰበሰቡም ልመናቸውን አልተዉም፦

«ባዶም ቢሆን የሷ ነው፤ እስክትመለስ ተዉልኝ።»