መልእክቱ ሳይመጣ አትውረጂ

የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ለአንድ ጤና ጣቢያ የሠራሁት የቀጠሮ ፕሮግራም ነበር። የታካሚው መድኃኒት የሚያልቅበትን ቀን ቆጥሮ፣ ሄዶ እንዲወስድ በስልኩ መልእክት ይልክለታል። ኮምፒውተር ሳይንስ በተማርኩባቸው አራት ዓመታት እንደዚያ የኮራሁበት ነገር የለም። ዛሬ ያ ኩራቴ ትዝ ሲለኝ ሰውነቴ ይቀዘቅዛል።

ኮዱን ከባዶ አልጀመርኩትም። በኛ ዲፓርትመንት ሲኒየሮች ሲመረቁ ፕሮጀክታቸውን በፍላሽ ለታናናሾቻቸው ያወርሳሉ፤ ማንም አያፍርበትም። እኔ የወረስኩት በፈረንጅ ቀን የሚቆጥር ነበር። አሥራ ሁለቱን የፈረንጅ ወራት አጥፍቼ በቦታቸው ከመስከረም እስከ ነሐሴ ጻፍኩ፣ ለእያንዳንዱም ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሰጠሁት። ልክክ አለልኝ። አንድም ባዶ ቦታ አልቀረም።

አማካሪዬ "በሁሉም ወር ሞክረሽዋል?" ሲሉኝ "በሁሉም!" አልኩ። ምላሴ ሁልጊዜም ከጭንቅላቴ ይቀድማል። እሳቸውም ፈረሙልኝ።

የእናቴ ታላቅ እህት ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ብቻዋን ትኖራለች። የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ደሟ እንዳይረጋ የሚያቀጥን ኪኒን በየቀኑ ትውጣለች፣ በየወሩም ጤና ጣቢያው ወርዳ ትወስዳለች። ፕሮግራሙ ውስጥ መጀመሪያ ያስገባሁት የእሷን ስም ነው። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ የምትይዘውን የቀጠሮ ካርድ ፈትቼ ወሰድኩባት።

"እትዬ፣ ይኼ ከእንግዲህ አያስፈልግሽም።"

"ቢረሳኝስ?"

"ማሽን እንደ ሰው አይረሳም። ብቻ መልእክቱ ሳይመጣ አትውረጂ። ይኼን ዳገት በከንቱ ምን ያመላልስሻል?"

"እሺ የኔ ዶክተር" ብላ ሳቀችብኝ።

ሰኔ አንድ መልእክቱ መጣላት። ሐምሌ አንድም፣ ነሐሴ አንድም መጣላት። በየጊዜው እየደወለች መረቀችኝ። የነሐሴው ብልቃጥ የያዘው ሠላሳ ኪኒን ነበር።

የሩፋኤል ዕለት ቀበና ቤታችን በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እናቴ ግቢው መሀል ባዶ እግሯን ቆማ ትጠመቃለች።

"ነይ እንጂ! ጳጉሜ እኮ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው" አለችኝ።

እጄን ወደ ዝናቡ ዘረጋሁ። ዘርግቼም ደርቄ ቀረሁ። ሮጬ ላፕቶፔን ከፈትኩና የአክስቴን ቀጠሮ ፈለግሁ፦ መስከረም አንድ። እኔ ፕሮግራም ውስጥ ከነሐሴ ሠላሳ በኋላ የሚመጣው መስከረም አንድ ነው። ዛሬ ደግሞ ጳጉሜ ሦስት።

ደወልኩላት፤ አታነሳም። ደገምኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ታክሲው እስከሚደርስበት ሄጄ የቀረውን ጭቃ እየተንሸራተትኩ ወጣሁ። ትልቅ ሰው ናት፣ ሲያልቅባት ራሷ ወርዳ ወስዳለች እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አላመንኩትም።

በሩ ገርበብ ብሏል። አክስቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ለብሳለች፤ ጫማ ያደረገችው ግን በአንድ እግሯ ብቻ ነው። ስልኩ ጭኗ ላይ፣ ባዶው የኪኒን ብልቃጥ አጠገቧ።

"ስልክ ለምን አታነሺም?" ብዬ ጮህኩባት።

ቀና አለች። የአፏ ግማሽ ወደ ታች ወርዷል። ቀኝ እጇ ከስልኩ ጎን ተዘርግቶ አይንቀሳቀስም።

"ገና... አልመጣም" አለች፣ ምላሷ እየተሳሰረ። "ሳይመጣ... አትውረጂ... ብለሽኝ የለ?"