ባዶው ማሽን ይጠየቅ

ሥራ የጀመርኩት ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረችው የጋሽ ነስሩ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ትምህርቱ ቀርቶ ከገጠር፣ ከሀቢቾ፣ ወደ አክስቴ ቤት መጥቼ ነበር። ጋሽ ነስሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ "ትጠርጊያለሽ፣ አቧራ ታራግፊያለሽ፣ ስልክ ታነሺያለሽ" አሉኝ።

መጥረጉንና ማራገፉን ቻልኩ። ስልኩ ግን ጠራና ቆሜ አየሁት። ደግሞ ጠራ። ቤት ውስጥ የምናወራው ሀዲይኛ ስለሆነ አማርኛዬ ሰው የሚያስቅ ይመስለኝ ነበር። እጄን ቀሚሴ ላይ ስጠርግ ስልኩ ዝም አለ።

"የተበላሸው ስልኩ ነው ወይስ አንቺ?" አለ ከውስጠኛው ክፍል አንድ ድምፅ።

ጀማል ነበር፣ የቤቱ ቴክኒሻን። የዱራሜ ልጅ ነው። ወጣ፣ ስልኩ ደግሞ ሲጠራ ራሱ አነሳው፣ ከደንበኛው ጋር ተነጋገረና ዘጋው። ከዚያ ወደ ጋሽ ነስሩ ዞሮ፣ "ይህችን ልጅ ለእኔ ስጡኝ። ወሬ የማይፈልግ ሥራ አለኝ" አላቸው።

ሥራው ጎተራው ነበር።

ጎተራ የምንለው ጥግ ላይ ክዳኑ ተነቅሎ የሚሠራውን አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤትና የቢሮ ኮምፒውተሮች ከፍላሽ በሚጋባ ቫይረስ እየተበላሹ ይመጡ ነበር። ጀማል ውስጣቸውን አጥፍቶ፣ እንዲህ ያለ ቫይረስ የማይደፍረውን ሲስተም፣ ሊኑክስን ይጭንላቸዋል። ሊኑክስ ላይ አዲስ ፕሮግራም ሲያስፈልግ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ የእኛ ኢንተርኔት ግን መሐል ላይ ይቋረጣል፣ እሱ ባይቋረጥ መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ጀማል ፓኬጅ የምንላቸውን የፕሮግራም ጥቅሎች አዲስ አበባ ሄዶ ያወርድና ጎተራው ላይ ያከማቻቸዋል። የደንበኞቻችን ማሽኖች ከውጭ መፈለጋቸውን ትተው ከእኛ ጎተራ ይወስዳሉ። ሩቅ ላሉት ጎተራውን በሃርድ ዲስክ ገልብጠን ይዘንላቸው እንሄዳለን።

"ፓኬጅ ሙሽራ ነው" አለኝ በመጀመሪያው ሳምንት። "ብቻውን አይመጣም፤ ሚዜ አለው። ሚዜውም የራሱ ሚዜ አለው። አንዱ ከቀረ ሙሽራው ደጅ ላይ ይቆማል።"

"ስንት ሚዜ?" አልኩት። ሳልጠየቅ የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር ይህ መሰለኝ።

"እንደ ሙሽራው ነው። ካልኩሌተር አንድ ሁለት ይበቃዋል። ቪዲዮ ማጫወቻ ግን ሰፈሩን አስከትሎ ነው የሚመጣው።"

አሠራሩን አሳየኝ። ፓኬጁን ከነሚዜዎቹ ወደ ማህደሩ መገልበጥ። መንገድ ላይ አለመበላሸቱን ማረጋገጥ። ከዚያ በጥቁሩ መስኮት ትእዛዝ ጽፎ የጎተራውን ማውጫ ማደስ። ማውጫው ካልታደሰ ፓኬጁ እዚያው ተቀምጦም ማንም አያየውም። በመጨረሻም ማሽኖቹ የእኛ ጎተራ መሆኑን የሚያውቁበትን ፊርማ ማሳረፍ። ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ግን አጫጭር ናቸው። ስሳሳት ማሽኑ ስህተቱን ይነግረኛል እንጂ አይስቅብኝም። በዚህ ምክንያት ወደድኩት።

የእሱ የቤት ቋንቋ ከምባትኛ፣ የእኔ ሀዲይኛ፤ የምንገናኘው በአማርኛ ነበር። ፋይል እየተገለበጠ አረንጓዴው መስመር እስኪሞላ ሁለታችንም ስክሪኑን እናያለን። እኔ መስመሩ ቶሎ እንዳይሞላ እመኝ ነበር። መብራት ሲሄድና እንደገና "ሀ" ብለን ስንጀምር እሱ ይበሳጫል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፣ ደስታዬ እንዳይታይ።

አዲስ አበባ ሲሄድ ከሊኑክሱ በቀር ምንም ያልተጫነበት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ተሸክሞ ይሄዳል። ባትሪው የሞተ ነው፣ ክብደቱም ድንጋይ ነው።

"አዲስ አበባ ኮምፒውተር ጠፍቶ ነው?" ይሉታል ጋሽ ነስሩ። "ውኃ ተሸክሞ ወደ ወንዝ የሚወርድ አንተን አየሁ።"

"ባዶ ነው እኮ ጋሼ" ይላቸዋል።

"ባሰ።"

እሱ ይስቃል። ለምን እንደሚሸከመው ጠይቄው አላውቅም።

ከዚያ የዚያን ጊዜ ወጣት ሁሉ የሚያስበው ነገር ለእሱም ደረሰ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ ና አለው። ጋሽ ነስሩ ሲነገራቸው፣ "ጎተራውን ለማን ትተዋለህ?" አሉት።

"ለረሂማ" አለ፣ በአገጩ እኔን እያሳየ።

"ረሂማ ስልክ አታነሳም።"

"ታነሳለች" አለ ጀማል። "እኔ ስደውል ታነሳለች።"

እኔ የማውጫ ማደሻውን ትእዛዝ እየጻፍኩ ነበር። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ሄደ፤ ደህናም ደረሰ። ዐርብ ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ሱቁ መደወል ጀመረ። እውነትም አነሳሁ። ስለ ጎተራው ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ፣ ጋሽ ነስሩ ስልኩን ይወስዳሉ።

በዚያው ዓመት ከሀደሮ አንድ መምህር መጡ። መምህር ኤርጊቾ ይባላሉ፤ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ያስተምራሉ። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ የስክሪኑን ጽሑፍ ማንበብ አቅቷቸዋል። በእጃቸው ለጋሽ ነስሩ ያመጡትን ዝንጅብል በከረጢት ይዘው፣ እየዳበሱ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

"ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ" አሉ። "ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ማስተማር ካልቻልኩ ወደ ንብረት ክፍል እዛወራለሁ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ማንበብ የማይችል ሰው ምን ያድርገው? እኔ ደግሞ ወንበርና ጠረጴዛ እየጠበቅሁ ማርጀት አልፈልግም።"

ፕሮግራሙ ጎተራው ውስጥ አልነበረም። ጋሽ ነስሩ አዲስ አበባ ላለው የእህታቸው ልጅ ደወሉ። ልጁ አውርዶ በሃርድ ዲስክ አድርጎ በአውቶቡስ ረዳት እጅ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ላከልን። ጎተራው ውስጥ ጨመርኩት፣ ማውጫውን አደስኩ፣ ገልብጬ ይዤ በሚኒባስ ሀደሮ ወረድኩ። ብቻዬን ለሥራ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

መምህሩ አጠገቤ ቆመው ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዘንብለው ጠበቁ። ትእዛዙን ጻፍኩ። ማሽኑ መጫን እንቢ አለ፤ ድምፅ የሚያወጣው ሚዜ የለም ይላል። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ደጋግሜ ፈለግሁ። የለም።

"ዝም አለ?" አሉኝ።

"ዝም አለ።"

"እንዳንቺ ዓይን አፋር ይሆናል" አሉና ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። መንፈቀ ዓመቱ ሊጀመር ጥቂት ነበር የቀረው። በሩ ድረስ ሸኙኝ፤ እጃቸው ግድግዳውን እየነካ ነበር።

ዐርብ ጀማል ደወለ። ሰላምታውን ሳልጨርስ የሆነውን ነገርኩት። በሕይወቴ በስልክ እንዲያ ተናግሬ አላውቅም።

"ልጁ ያወረደው በየትኛው ማሽን ነው?" አለኝ።

"በራሱ ማሽን።"

"ችግሩ እሱ ነው። የእሱ ማሽን ሙሉ ነው። ድምፁ ድሮም እዚያ ተጭኗል። ሙሉ ማሽን ያለውን ነገር ደግሞ አያወርድም፤ ለራሱ የጎደለውን ብቻ ነው የሚያመጣው። ሀደሮ ምን እንደሌለ በምን ያውቃል?"

"ታዲያ ማን ይጠየቅ?"

"ባዶው ይጠየቃ። እኔ ያንን ድንጋይ ላፕቶፕ ስሸከም የኖርኩት ለምን ይመስልሻል? እሱ ባዶ ስለሆነ ሁሉንም ሚዜ ይጠይቃል።"

"አልነገርከኝም።"

"አልጠየቅሽኝም" አለ፣ እየሳቀ። ከዚያ፣ "የሀደሮው ማሽን ራሱ የሚጎድለውን ይጻፍልሽ፤ እሱን በፍላሽ ለልጁ ላኪለት" አለኝና ትእዛዙን በቃል አስጻፈኝ።

በማግስቱ ሀደሮ ተመለስኩ። የመምህሩ ማሽን የጎደለውን አንድ በአንድ ጻፈ። ፍላሹ በዚያው ረዳት እጅ ወደ አዲስ አበባ ወጣ፤ ሃርድ ዲስኩ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ እኛው ሱቅ፣ ጀማል ትቶት በሄደው ባዶ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩት። ተናገረ። ጋሽ ነስሩ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው፣ "ይህ ድንጋይ አፍ አወጣ?" አሉ።

ሀደሮ ላይ ደረቅ፣ የአፍንጫ ድምፅ እንግሊዝኛውን ማንበብ ሲጀምር መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፋይል ከፈቱ፣ ነገራቸው። ዘጉ፣ ነገራቸው። ተማሪዎቹ በመስኮት ተንጠላጥለው ይስቃሉ።

"ሳቁ" አሏቸው። "ሰኞ እኔው ነኝ የማስተምራችሁ።"

እንዳሉትም አስተማሩ። እስኪያረጁ እዚያው ላቦራቶሪ ቆዩ።

የዚያን ሳምንት ዐርብ ለጀማል ስነግረው ደስ አለው። ከዚያ፣ "አንቺስ ረሂማ? ምን ልላክልሽ? ምን ጎደለሽ?" አለኝ።

ጋሽ ነስሩ አጠገቤ ሬድዮ ይሰሙ ነበር። አማርኛዬ ጠፋኝ።

"ምንም አልጎደለኝም" አልኩት።

በሰው እጅ ስልክ ላከልኝ። በሌላ ጊዜ ሻሽና ጃኬት። ጥሩ ነገሮች ነበሩ፤ ጃኬቱን አሁንም እለብሰዋለሁ። እያደር ጥሪው በወር አንዴ ሆነ፣ ከዚያ በዒድ በዒድ ብቻ። በኋላ እዚያው ትዳር መያዙን ጋሽ ነስሩ ነገሩኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩና ማውጫ ማደስ ቀጠልኩ።

ኢንተርኔቱ ሲሻሻል ጎተራ የሚፈልግ ደንበኛ ቀረ። ጋሽ ነስሩ ሱቁን ለልብስ ሻጭ ሲያከራዩ ባዶውን ላፕቶፕ ለእኔ ሰጡኝ። ያኔ የሞከርኩበትን አጥፍቼ ባዶ አድርጌዋለሁ፤ አሁንም ምንም አልጫንኩበትም። አንዳንድ ዐርብ ከጁምዓ በኋላ በሱቁ በኩል ሳልፍ፣ ስልኩ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ በበሩ አያለሁ። ጫማ ደርድረውበታል።

ጎተራ የምትጠብቁ ልጆች ዛሬም ካላችሁ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ፓኬጅ ከመላካችሁ በፊት የሚቀበለውን ማሽን ጠይቁ፤ ሙሉ ማሽን የሌላውን ጉድለት አያውቅም። እናንተም ምን ጎደለህ፣ ምን ጎደለሽ ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ተናገሩ።