ድመቷን ወደ ዝናብ የመለስኩበት ጉዞ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ኪርያት ጋት

ባለቤቴ ዘውዲቱ በሩ ላይ ቆማ ከራሴ እስከ እግሬ ታየኛለች። ነጭ ሸሚዝ፣ የሠርግ ኮት፣ የተወለወለ ጫማ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ገና ሳይነጋ አስፋልቱ ይሞቃል።

«ልታገባ ነው ወይስ ለልጆች ልታነብ?» አለችኝ።

«ሁለቱም ኮት ይፈልጋል» አልኳት።

የምሄደው ፔታህ ቲክቫ ነው። ልጄ አስናቀች እዚያ አሚሻቭ በሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ልጇ ኖዓ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍልን ጨረሰች። መምህሯ ለአስናቀች «ፊደሉን ታውቃለች፣ ግን ድምፅ አውጥታ አታነብም፤ በዕረፍቱ ከትልቅ ሰው ጋር ታንብብ» ብላታለች።

ትልቅ ሰው ከተባለ እኔ አለሁ። ችግሩ ኖዓ ናት። ሁልጊዜ የምትመልስልኝ በዕብራይስጥ ነው፣ ባለፈው በስልክ «ሳባ ማንበብ አይችልም» አለች፤ አያቷን ሳባ ነው የምትለው። እኔ እኮ ጎንደር በገጠር ሳለሁ የመንደሩን ደብዳቤ ሁሉ የማነበው ሰው ነበርኩ። እያነበብኩ አስለቅሻለሁ፣ አስቄያለሁ፣ በአንዲት ደብዳቤ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። እዚህ ግን የመብራት ወረቀት ሲመጣ የጎረቤት በር አንኳኳለሁ። ልጅቱ አልዋሸችም፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ስለዚህ አስናቀች «የሰፈራችን የንባብ ማኅበር ሽማግሌ አንባቢ ይፈልጋል» ስትለኝ ሳትጨርስ እሺ አልኳት። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኖዓ አጠገቤ ቁጭ ብላ አንድ መጽሐፍ ከእኔ ጋር እንድትጨርስ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፔታህ ቲክቫ

ሁለት አውቶቡስ ወርጄ ሦስተኛውን እጠብቃለሁ። እስካሁን ያየሁት፦ የደረቀ የስንዴ ማሳ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያንቀላፉ ወታደሮች፣ ክሬን፣ ሌላ ክሬን። ጣቢያው አጠገብ በአሥራ ሁለት ሸቀል ቡሬካስ የሚሉትን ድንች የተሞላ ጋገራ ገዛሁ። ፍርፋሪው ኮቴ ላይ ዘነበ።

ወደ አሚሻቭ የሚሄደው አውቶቡስ ሾፌር የእኛ ልጅ ነው፤ ጢሙን ያሳመረ ጎልማሳ።

«አባባ፣ በማክሰኞ ጠዋት የማን ሠርግ ነው?»

«ለልጆች መጽሐፍ ላነብ ነው።»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ አነሰ። «እኔም ለልጄ አነባለሁ እላለሁ። ቤት ስገባ ስልኬን አያለሁ። ያላ፣ ይግቡ፤ ከፊት ይቀመጡ።»

መንገዱን ሁሉ ሲመክረኝ ሄደ። ድምፅዎን ይቀያይሩ፣ አንበሳ ካለ ያግሱ አለኝ። ቀይ መብራት ላይ ራሱ አግስቶ አሳየኝ፤ ከኋላ የተቀመጠች አሮጊት ቦርሳዋን አቀፈች።

አራት ሰዓት፣ አሚሻቭ

አራት ፎቅ ያላቸው አሮጌ ሕንፃዎች፣ በረንዳው ሁሉ ልብስ የተሰጣበት። በሁለቱ መካከል አንዲት አዳራሽ አለች። ምንጣፍ፣ የላስቲክ ወንበሮች፣ በትልቅ ትሪ የተቆረጠ ሐብሐብ፣ ሃያ የሚሆኑ ልጆች፣ ከሌሊት ፈረቃ የመጡ እናቶች። አስናቀች የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ጥግ ላይ ቆማለች። ኖዓ ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። እጄን ሳውለበልብላት ጣሪያውን አየች።

ማኅበሩን የምትመራው ዝናሽ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራለች። በራሷ ሳሎን እንደ ጀመረችው ነገረችኝ።

«አያ ወርቁ፣ እናቶቹ ዕብራይስጥ አላነብም ብለው መጽሐፉን ከልጁ ቦርሳ ሳያወጡ ይመልሱት ነበር። አሁን ደንባችን ቀላል ነው። ሥዕሉ የወላጅ፣ ፊደሉ የልጅ። ወላጅ ሥዕሉን እያየ በአማርኛ ይተርካል፣ ልጅ ከሥር ያለውን ጽሑፍ በዕብራይስጥ ያነባል። እናት ፈረቃ ከገባች ጎረቤት ይተካታል። በሰደር?»

«በሰደር» አልኩ፤ እሺ ማለት ነው።

«መጽሐፉን ቀድመው ይዩት?»

«እኔ?» አልኩ፣ ኮቴን እያስተካከልኩ። «ሳላየው ነው የሚያምረው።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

መጽሐፉን ተቀብዬ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ድመት ለስላሳ አልጋ ላይ ተኝታለች። በጎንደር ድምፄ ጀመርኩ፤ «አንዲት የደላት ድመት ነበረች...» ቀጥሎ ወተት ትጠጣለች። ልጆቹ ከንፈራቸውን ላሱ። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ድመቷን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። «ልጅቱም ድመቷን ይዛት ወጣች» አልኩ፤ ሳቁ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ቀጥሎ ዝናብ፣ ጃንጥላ። ቀጥሎ የሕዝብ ወንበር፤ ልጅቱ ጎንበስ ብላለች። መጨረሻ ላይ ድመቷ ብቻዋን፣ ከወንበሩ ሥር፣ እንደ በሰበሰ ካልሲ።

ከዚህ ምን ይባላል? ገጹን ብገልጥ ሌላ የለም። «ልጅቱ... ሰለቻትና ዝናብ ላይ ጥላት ሄደች። አለቀ።»

ከፊት የተቀመጠ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ፊቱ ተጨማደደና ለቅሶውን ለቀቀው። ሌላዋ ተከተለችው። ዝናሽ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«አያ ወርቁ» አለች እንደ ምንም፣ «በአማርኛ በኩል ከፈቱት።»

የዕብራይስጥ መጽሐፍ በቀኝ ነው የሚከፈተው። ይህን አጥቼው አይደለም፤ የጸሎት መጽሐፌንም በቀኝ ነው የምከፍተው። ግን እጅ ሲደነግጥ የለመደውን ያደርጋል፤ የእኔ እጅ ደግሞ የለመደው የደብዳቤ ዘመኑን ነው። ተረቱን ከጭራው ጀምሬ፣ ከብርድ የዳነችውን ድመት መልሼ ዝናብ ላይ ጣልኳት።

በላይነሽ የተባለች እናት ከመሃል ተነሣች። «እንዴ፣ በቀኝ ነው እንዴ? እኔ ሁልጊዜ እንደርስዎ ነው የማነበው። ያቺ ቀበሮ ምሳዋን በልታ ለምን መጨረሻ ላይ ተርባ ትቀራለች እያልኩ ስንት ቀን አዘንኩላት።»

«የእኔም ጥንቸል ሁልጊዜ ትጠፋለች» አለች ሌላዋ በቀስታ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ ልጽፈው አልችልም። ፈረቃ ያደከማቸው ሴቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዓይኔ ኋላ ነበር። ኖዓ ተነሣች። ወደ በሩ የምትሄድ መሰለኝ። አፍራብኝ ነው፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚህ ነው አልኩ።

በሩን ግን ትታው አለፈች። በልጆቹ መካከል እየተረማመደች መጣችና መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ገለበጠችው። «ሳባ፣ ከዚህ» አለች። ከዚያም ጭኔ ላይ ቁጭ ብላ ማንበብ ጀመረች።

መጀመሪያ እኔ ብቻ ነበርኩ የምሰማት። የሚያለቅሰው ልጅ በዕብራይስጥ «አልሰማም» አለ። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ሞክራ ያዘችው። እሷ ገጹን ስትጨርስ እኔ በአማርኛ እተርካለሁ፣ እሷ ትገልጣለች። ድመቷ ከዝናብ ወጣች፣ ወተት ጠጣች፣ አልጋ ላይ ተኛች። አስናቀች ጥግ ላይ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። እኔ ደግሞ ኖዓ ዓለሜን ስታሳየኝ ኮት ለብሼ በመገኘቴ ደስ አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ የመመለሻ አውቶቡስ

ከመሄዴ በፊት ኖዓ ከመደርደሪያው ስለ አህያ የሚናገር መጽሐፍ መርጣ ዝናሽ እንድትመዘግብላት አደረገች። ለእናቷ የምትሰጥ መስሎኝ ነበር። ቦርሳዬን ከፍታ ከተተችው። «የሚመጣው ማክሰኞ» አለችኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ አወጣሁት፤ በቀኝ። አጠገቤ እዚሁ የተወለደች ወታደር ልጅ ተቀምጣለች። አማርኛዋ እንደ እኔ ዕብራይስጥ ነው።

«አባባ፣ እኔ ቅሪአ ላድርግልህ?» አለችኝ፤ ላንብብልህ ማለቷ ነው።

እሷ ታነባለች፣ እኔ በአማርኛ እደግማለሁ። አህያዋ ጭነቷን ወንዝ ውስጥ ስትጥል ከኋላ ያሉት ሁለት ሴቶች ሳቁ። ወታደሯ መንገድ ላይ ስትወርድ «ስድስት ገጽ ይቀራል» ብላኝ ሄደች። እኔ ግን የሰማሁትን እንዳልረሳው ከመጀመሪያው እየገለጥኩ ለራሴ መተረክ ያዝኩ።

ሾፌሩ ትከሻዬን ነካኝ። የመጨረሻው ማቆሚያ ነው። ሰፈሬ ካለፈ ቆይቷል፤ ዙሪያዬን ያላለቀ ሕንፃና አሸዋ ብቻ ነው። ዘውዲቱ ጋ ልደውል ብዬ ስልኬን ሳወጣ ኖዓ ቀደመችኝ።

«ሳባ፣ የት ነህ?»

«አላውቅም» አልኳት በተሰባበረ ዕብራይስጤ። «ግን ስምንተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ።»

እናቷ ከኋላ ስትስቅ ይሰማል።

«መጽሐፉን ዝጋው» አለችኝ። «ያለ እኔ እንዳትጨርሰው።»

ዘጋሁት።