በጥንቸሏ የተበላው ጠረጴዛ

ልጅ ሳለሁ፣ የአራተኛ ክፍል ትምህርት በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጋሽ በየነ የከረንቡላ ጠረጴዛቸውን በአንድ ተረት አስይዘው ተበሉ። ስምንት ልጆች እዚያው ቆመን አይተናል። ዘጠነኛዋ ሐዋ ነበረች፤ እናቷ መጠጥ ቤት እንዳትገባ ስለከለከሏት ሁልጊዜም ውጭ የቢራ ሳጥን ላይ ቆማ በመስኮት ነበር የምታየው።

ግሮሰሪያቸው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ዳር፣ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ፊት ለፊት ነበር። ጋሽ በየነ ከባቡር ጋራዥ በጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ቤቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ልጃቸው እትዬ ትርሲት ናቸው። ያኔም እንደዛሬው ድሬ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛ ነበር። ሙቀቱ ሰውን ከመንገድ ሲያባርር ጠጪ አይኖርም፤ መስኮቶቹ ይዘጋሉ፣ ለሐዋ ሲባል አንዱ ብቻ ገርበብ ይላል፤ በዚያ የምትገባው ቀጭን ብርሃን የሲጋራ ጠረን በማይለቀው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ትጋደማለች። እኛ የምንገባው በዚያ ሰዓት ነበር።

ጋሽ በየነ ተረት የሚነግሩን በሦስቱ ኳሶች ነው። ቀዩ ጅብ፣ ነጩ ጥንቸል፣ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ደግሞ አህያ። በጨርቁ ጥግ ላይ በጠመኔ ክብ ይሠራሉ፤ የጥንቸሏ ጉድጓድ ነው። እየተረኩ ኳሶቹን በእጃቸው ያንከባልላሉ፤ ጅቡ ደቻቱን ተሻግሮ ይመጣል፣ አህያው መንገድ ይዘጋበታል፣ መጨረሻው ግን በቃል አይነገርም። ጥንቸሏን ይለቋታል። ክቡ ውስጥ ከቆመች ዳነች፣ ካልቆመች ተበላች። የተረቱን መጨረሻ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ አምነን ነበር። ሐዋ በሒሳብ የወደቀች ቀን ጥንቸሏ ሦስት ጊዜ ተከታትላ ገባች። እኔና ወንድሜ ተደባድበን የመጣን ቀን ጅቡ ጠግቦ ዋለ። ዕድል ነው ብለን አለፍነው።

ባቡሩ እየተዳከመ ሲሄድ ከረንቡላ የሚጫወቱት የባቡር ሠራተኞችም ተመናመኑ። የአካባቢው ግሮሰሪዎች አንድ በአንድ ድራፍትና ቴሌቪዥን አስገቡ።

«አባዬ፣ ሁለት ሰው የሚጫወትበት ጠረጴዛ የሃያ ሰው ቦታ ይዟል» ይሉ ነበር እትዬ ትርሲት። «በዚህ ከቀጠልን ቤቱን እንዘጋለን።»

ጋሽ በየነ ግን «እኔ ሳልወጣ እሱ አይወጣም» ብለው በጓደኞቻቸው ፊት ምለዋል። እኛም የእሳቸው ወገን ነበርን፤ እትዬ ትርሲትን ሰላም ማለት ካቆምን ቆይተናል። ሐዋማ በመስኮቷ ሆና «አቦ፣ እርስዎ ለምን አይወጡም?» ብላቸዋለች። እትዬ ትርሲት ብርጭቆ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ያን ቅዳሜ ጋሽ በየነ ክቡን ሠርተው ልጃቸውን ጠሩ።

«ጥንቸሏ ከገባች ጠረጴዛው ይቀራል። ካልገባች ያንቺ ነው፤ አውጪው።»

«አባዬ፣ ቤት በተረት ይተዳደራል እንዴ?»

«እስካሁንስ በምን ሲተዳደር ነበር?»

ተረቱ ረጅም ነበር፤ ጅቡ ከከተማ ወጥቶ እስከ ዋሂል ገጠር ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ጥንቸሏን ለቀቋት። ሁለት ጠርዝ መትታ፣ ወደ ክቡ ቀጥ ብላ መጥታ፣ አንድ ስንዝር ሲቀራት ወደ ግራ ዞር ብላ ቆመች።

«ጠረጴዛው ነው! ወላሂ ጠረጴዛው ነው!» አለች ሐዋ ከውጭ።

«ልክ ነሽ ልጄ» አሉ ጋሽ በየነ። «አርጅቷል፤ ወደ ደቻቱ ያዘነብላል።»

«አንድ ጊዜ ይድገሙት» አሉ እትዬ ትርሲት። ድምፃቸው የአሸናፊ አልነበረም።

«ተረት አይደገምም» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ተጋብቶብን እኛም ሳቅን።

በማግስቱ ጠረጴዛው በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ሰኞ ስንመጣ ጋሽ በየነ በቦታው በገባው አዲስ የመጠጫ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቆርኪ ደርድረው ጠበቁን፤ ለጅቡ የሚሆነውን ቀይ ቆርኪ መርጠው ያመጡላቸው እትዬ ትርሲት ነበሩ። ጓደኞቻቸው ስለ መሐላው ሲጠይቋቸው «እኔ ምን ላድርግ? ጥንቸሏ ናት ያስወጣችው» ይሉ ነበር፤ የመጀመሪያውን ድራፍትም እሳቸው ቀዱ። እትዬ ትርሲትን ማኩረፋችን በዚያው ቀረ። ጠረጴዛው አርጅቶ አሳተ እንጂ እሳቸው ምን አደረጉ?

ድራፍት ቤቱም በተራው ሄዷል። ዛሬ ጭማቂ ቤት ነው፤ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጠው ሐዋ ልጆቿን ይዛ በበሩ ትገባና ስፕሪስ ታዛለች። ከጋሽ በየነ ተረቶች ብዙው ጠፍቶኛል። የቀረልኝ የኳሱ ድምፅና መጨረሻው እስኪታወቅ ትንፋሻችንን ይዘን የምንቆይባት ቅጽበት ናት። ሥራዬ ዘገባ ነው፤ ያላጣራሁትን አልጽፍም። ያንን ቅዳሜ ግን ሳላጣራ ሠላሳ ዓመት አወራሁት።

ባለፈው ወር ለሥራ ዋሂል ሄጄ ሻይ ልጠጣ አንድ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው እዚያ ነበር፤ በጨርቁ ጥግ ላይ ጠመኔው ያደበዘዘው ክብ አሁንም ይታያል። ባለቤቱ አብዲ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ያዘነብል እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ማን ነው ያለሽ? ከመግዛቴ በፊት እዚያው ድሬ፣ በቆመበት፣ በውሃ ልክ ለክቼዋለሁ። ውሃ ልኩንም ያመጡልኝ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። ቀጥ ያለ ነበር።»

መቼ እንደገዙት ጠየቅኋቸው።

«ሐሙስ ነዋ። ይቺ ልጄ የተወለደችበት ቀን ነው፤ አይጠፋኝም» አሉ፣ ሻይ ወደምትቀዳው ሴት እያመለከቱ። «የዚያኑ ዕለት ልጭነው ስል እምቢ አሉኝ። ‹ቅዳሜ ከልጆች ጋር አንድ ጨዋታ አለብኝ፤ እሑድ ና› አሉኝ።»