ቀይ ጥብጣብ የታሰረባት ጀሪካን

በመጠጥ ውኃ ዕቅድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የዐሥራ አንድ ከተሞች ዕጣ በአንዲት ሴት እጅ ይወጣ ነበር። ሥራዋ ገና ያልተወለዱትን መቁጠር ነው። ባለፉት ሁለት ቆጠራዎች መካከል አንድ ከተማ በየዓመቱ በመቶ ስንት እንዳደገ ታሰላለች፤ ከዚያ ተነሥታ ከሃያ ዓመት በኋላ ስንት ሰው እንደሚኖርበት ትተነብያለች፤ ለእያንዳንዱ ነፍስ የቀን ድርሻውን በሊትር ትመድባለች፤ በየስንጥቁ የሚባክነውንም ትጨምራለች። መሐንዲሱ የቧንቧውን ስፋት የሚወስነው እሷ በሰጠችው ቁጥር ነው። የተቀበረ ቧንቧ ደግሞ እንደ ተቀበረ ሰው ነው፤ ሐሳቡን አይለውጥም።

ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ ፊት አይታ፣ አማላጅ ሰምታ አታውቅም። ከንቲባ ቢመጣ፣ ሽማግሌ ቢላክ ያው ናት። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ሚዛን» የሚል ስም አወጣላት። «ሚዛን ገብታለች?» «ሚዛን ፈርማበታለች?» ይባላል። ስሙን የማትወደው እየመሰለች ትወደው ነበር።

ይህች ሚዛን ግን አንድ ገመና ነበራት፤ በታናሽ እህቷ ትቀና ነበር።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና አንዲቱ በትምህርቷ የተመሰገነች፣ ሌላይቱ ፈተና ወድቃ ልብስ ሰፊ የሆነች ነበሩ። ሆኖም ታላቂቱ ስትገባ ሰው ልብሱን ያስተካክላል፤ ታናሺቱ ስትገባ ፈገግ ብሎ ከጎኑ ቦታ ይለቅላታል። ይህን ልዩነት ሚዛን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትለካው ኖራለች።

አባታቸው ካረፉ በኋላ ታላቂቱ ቆርጣ ተነሣች። በቤቷ ምድር ቤት ለእናቷ ክፍል አሰናዳች፤ መታጠቢያው ከአልጋው ስድስት እርምጃ፣ ውኃው ቀን ከሌት የማይቋረጥ፣ በግራ ሙቅ፣ በቀኝ ቀዝቃዛ። እናት መጡ፤ አራት ወር ተቀመጡ፤ በአምስተኛው ሻንጣቸውን አዘጋጁ።

«ምን ጎደለሽ እማዬ?»

«ኧረ ምንም! ሁሉ ሙሉ ነው ልጄ። ሰው ብቻ ነው የጎደለው፤ አንቺ እንደሆን ከቁጥርሽ ጋር ነሽ።»

ሄደውም ከታናሺቱ ዘንድ ተቀመጡ፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ብቅ ብሎ በሚጠፋበት ከተማ፣ በጀሪካን በሚታጠቡበት ቤት! ነገሩ ለሚዛን የእግር እሳት ሆነባት። ደውላ ስለ ጉልበታቸው ስትጠይቃቸው እሳቸው ስለ ታናሺቱ እጅ ይመልሱላታል፤ «እንዴት አድርጋ አሸችኝ መሰለሽ! እጇ መድኃኒት ነው።» ስልኩን ስትዘጋ እርር ድብን ትላለች። የቀራት መጽናኛ አንድ ነበር፦ «ውኃው ያለው እኔ ቤት ነው። አንድ ቀን ይሰለቻታል፤ ትመለሳለች።» ያን ቀን ስትጠብቅ ሁለት ዓመት ሙሉ የእህቷን ደጅ አልረገጠችም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው የእህቷ ከተማ መዝገብ ጠረጴዛዋ ላይ የወደቀው።

ከተማዪቱ ዐሥራ ስምንት ሺህ ሰው አላት፤ የመምህራን ኮሌጅ ስለ ተከፈተባት በየዓመቱ በመቶ አራት ነጥብ አንድ አድጋለች። ደንቡ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ዕድገቱ የማይደገም ምክንያት ካለው የከተማው ቁጥር ቀርቶ የአካባቢው አማካይ ይወሰዳል። አማካዩ ሁለት ነጥብ ሦስት ነው። ምክንያቱ ይደገም እንደሆነ መዝገቡ አይናገርም። ሚዛን ግን ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ታናሺቱ በስልክ፣ «እትዬ፣ ተማሪ ኩሽናችንን እንኳ ተከራየን እኮ! የኮሌጁ ሁለተኛ ሕንፃ ደግሞ መሠረቱ ወጥቷል፤ እኛን የት ሊያስተኙን ነው?» ብላ እየሳቀች ነግራታለች።

ብዕሯን አነሣች። ውኃው እዚያም ቤት ቀን ከሌት ከወረደ የእሷ ቤት በምን ይበልጣል? እናቷስ በምን ይመለሳሉ? ይህን በቃል አላሰበችውም፤ እጇ ግን ሰምቶታል። «የማይደገም ምክንያት» ብላ ጻፈች። አርባ ሺህ ሊሆን የሚገባው ሕዝብ ሃያ ስምንት ሺህ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሊሆን የሚገባው ቧንቧም ሁለት መቶ ሆኖ ቀረ።

ምላሱ የማያርፈው የመስመር መሐንዲስ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«እትዬ ሚዛን፣ ባለፈው ወር እዚህ ከተማ ጫማ ልገዛ ገብቼ በግፊያው የራሴንም አንድ እግር ጥዬ ተመለስኩ። ሁለት ነጥብ ሦስት፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«እናቴ የምትኖረው እዚያ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ጨምሬላቸው ሰው ምን ይበለኝ?»

መሐንዲሱ አፉን ያዘ። ወሬው ከመምሪያው ኃላፊ ጆሮ ደርሶ በስብሰባ ላይ ተነሣ። «ተማሩ!» አለ ኃላፊው። «የገዛ እናቷ ያሉበትን ከተማ ቀነሰች! ስንቱ ነው ለአክስቱ ልጅ ጎረቤት ቧንቧ የሚያሰፋው?» ተጨበጨበላት። ያ መሥሪያ ቤት ዘመድን መጥቀም ኃጢአት መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ዘመድን መጉዳትም ኃጢአት መሆኑን የሚናገር መመሪያ ግን አልነበረውም።

ዕቅዱ ከመፈረሙ በፊት በየከተማው ለሕዝብ ይቀርባል። ተራው የእህቷ ከተማ በደረሰ ጊዜ ሚዛን ከኃላፊውና ከመሐንዲሱ ጋር በማለዳ ገባች፤ ስብሰባው እስኪጀመርም ሳትወድ የእህቷን በር አንኳኳች።

ታናሺቱ ሜትር በአንገቷ፣ መርፌ በአፏ እንዳለ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች። «እትዬ! እማዬ፣ ማን እንደ መጣ እዪ!» መርፌውን አውጥታ እያገላበጠች ሳመቻት።

እናት በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ከስተሻል፤ ቁጥሩ በላሽ» አሉ።

እጇን ልትታጠብ ወደ ጓዳ ገባች። ሰባት ቢጫ ጀሪካኖች ግድግዳውን ታክከው ተሰልፈዋል፤ በሰባተኛይቱ አንገት ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሯል። ወደ ቅርቧ እጇን ስትሰድ ታናሺቱ ከኋላዋ ደረሰች።

«እሷን አይደለም፤ ባለ ጥብጣቧን። ያንቺ ናት።»

«የእኔ?»

«አንቺ ውኃ የለመድሽ ሰው ነሽ፤ ድንገት ከተፍ ብትዪ እንዳናፍር ብዬ ነው። ውኃ በመጣ ቁጥር እገለብጣትና አዲስ እሞላታለሁ። ሌላው ሁሉ ቢያልቅ እሷን ማንም አይነካትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እማዬ ከመጣች ጀምሮ ነዋ! ጎረቤቱማ፣ ‹ያቺ እህትሽ መቼ ነው የሚጠማት?› እያለ ይስቅብኛል።»

ሚዛን በዚያ ውኃ እጇን ታጠበች። እውነቱን እንናገር፤ የተሰማት ምስጋና ሳይሆን ከቀድሞው የባሰ ቅናት ነበር። በዚህም ቀደመቻት! ውኃ በጠፋበት ቤት ለሌለ ሰው ውኃ ማስቀመጥ! እሷ በዚያ ባማረ ምድር ቤት ለእህቷ አንዲት ፎጣ እንኳ ሰቅላ አታውቅም።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ኃላፊው ዕቅዱን እያነበበ «ሃያ ስምንት ሺህ ነዋሪ» ካለው ላይ ሲደርስ አንድ ፀጉር አስተካካይ ከኋላ ተነሣ።

«ማነው የቆጠረን? እኔ ብቻዬን የምላጨው ራስ ከዚያ ይበልጣል!»

አዳራሹ በሳቅና በጩኸት ተናጋ። «እንደገና ይቆጠር!» የሚል በረከተ። ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ተነሣች።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይቀመጡ። የቆጠረችን እህቴ ናት፤ ያቻትና። ለእኔ ብላ አትዋሽም፤ በእኔ ላይም አትዋሽም። እሷ ይበቃል ካለች ይበቃል።»

ጩኸቱ ረገበ። ፀጉር አስተካካዩ እያጉረመረመ ተቀመጠ። ከጎኗ የተቀመጡት እናትም ታናሺቱን ቀና ብለው አዩ፤ ሚዛን ዕድሜ ልኳን ስትመኘው በኖረችው ዓይን አዩዋት።

ሚዛን በሃያ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችውን መታመን እህቷ በአንድ ቃል አገኘችው፤ አግኝታም መልሳ ለእሷው ሰጠቻት። ኃላፊው የሚፈረምበትን ገጽ ገልጦ ብዕሩን አወጣ። ሚዛን ተነሣች።

«ቁጥሩ ልክ አይደለም» አለች። «የኮሌጁ ሁለተኛ ሕንፃ መጀመሩን አውቅ ነበር፤ አልጻፍኩትም። አርባ ሺህ ነው የሚሆኑት። ቧንቧው ሁለት መቶ ሃምሳ መሆን አለበት።»

«ለምን አልጻፍሽም?» አለ ኃላፊው በጥርሱ መካከል።

እናቷን አየች። «ቀንቼ ነው» የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ ደርሶ ተመለሰ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ተቀመጠች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሰው ግን ሊያቅፍ የተጋፋው ታናሺቱን ነበር።

ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ መሐንዲሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አለ። ቁጥሩ ተጣርቶ አርባ ሺህ ሆኖ ተገኘ፤ ቧንቧውም ሰፋ። እሷ ግን ከትንበያ ጠረጴዛዋ ተነሥታ መዝገብ ቤት ተመደበች። «ሚዛን በእናቷ ቤት በኩል አጋደለች» ተባለ። ስታጠፋ አጨብጭበውላት፣ ስታቀና አሟት።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ስልኳ ጠራ። ከእናቷ ድምፅ በፊት የውኃ መውረድ ተሰማት።

«ትሰሚያለሽ? ሰባት ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ! ታናሽሽ ያን ዕለት አዳራሽ ውስጥ ቆማ ባትናገር ማን ዞር ብሎ ያየን ነበር? እሷ ናት ያመጣችው። አገሩ ሁሉ ይመርቃታል።»

ሚዛን ለእናቷ ባሰናዳችው ባዶ ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር። ልትመልስ የቃጣትን ዋጠችና፣ «አዎ እማዬ፤ እሷ ናት» አለች።

ታናሺቱ ስልኩን ነጠቀች። «እትዬ! ጀሪካኖቹን ሁሉ ሰጥቼ ጨረስኩ። ያንቺዋ ብቻ ቀረች፤ እማዬ ጥብጣቧን ፈትቼ ፀጉሬን ልሰርበት እያለችኝ ነው።»

«እንዳትነኩት!» አለች ሚዛን፤ ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ቅዳሜ እመጣለሁ። የምፈታው እኔ ነኝ።»

«ውይ እትዬ! በጀሪካንም ትቀኛለሽ?»



«አዎ» አለች። «እቀናለሁ። ዱሮም እቀና ነበር።»

ታናሺቱ ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች፤ ለእናቷም እየጮኸች ነገረቻቸው፤ እናትም ከወዲያ ሆነው ሳቁ።