ጆሮ የነበረው ጊታር

ጎረቤቴ ዐወድ የሞተ የግድግዳ ሰዓት ይሰበስባል። አሶሳ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ቆሞ የቀረ ሰዓት ካለ ውሎ አድሮ መድረሻው የእሱ ጠረጴዛ ነው። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ከየሰፈሩ እየለቃቀሙ ያመጡለታል። ሰዉ ሊጠግናቸው ይመስለዋል። እኔ ግን ግድግዳ ተጋርተን ሃያ ስድስት ዓመት ስለሠራን አውቃለሁ፤ ሰዓቶቹን የሚፈልጋቸው ሆዳቸው ውስጥ ላለው ከፀጉር ለቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። በዚያ ሽቦ የጊታሩን የድሮ ድምፅ ሊመልስ ይፈልጋል። የድሮው ድምፅ ውስጥ ሚስቱ ብኸይታ ነበረችና፤ እሷ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗታል።

እብደት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ፤ ለዚያውም ፊት ለፊት። "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ስለው፣

"አንተ ቀሚስ ትሰፋለህ፣ እኔ ሽቦ እሰፋለሁ። ምን ልዩነት አለ?" አለኝ።

ዐወድ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመደው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት አንተ ስባል ኖሬ፣ ዛሬ ተነሥቶ አንቺ ቢለኝ ከኋላዬ ሌላ ሴት የቆመች ይመስለኛል።

እኔ አገኘሁሽ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ወደዚህ ሲያመጡን የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዐወድ ደግሞ የዚሁ አገር ሰው፣ በርታ ነው። ራዲዮ፣ ቴፕ፣ አሁን አሁን ሞባይል ይጠግናል። በጉልምስናው ግን ከባምባሲ እስከ ኩርሙክ የሚጠራ የሠርግ ጊታር ተጫዋች ነበር። ጊታሩንም የገዛው ሁለት በጋ ሙሉ ወርቅ አጥቦ ባጠራቀመው ነው፤ ኩርሙክ ገበያ ላይ ከአንድ የሱዳን ነጋዴ።

ለማየት የሚያኮራ ዕቃ አልነበረም። አካሉ እንኳ ደህና እንጨት አይደለም፣ ቺፑድ መሳይ ነው። ከክሮቹ ሥር ግን ሁለት የሚያብረቀርቁ ቱቦዎች ተጋድመዋል። የክሩን ንዝረት ይዘው ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልኩት እነሱ ናቸው። ሙያተኛው ፒክአፕ ይለዋል፤ መጀመሪያ ስሰማ እኔ ቶዮታ ነበር የመሰለኝ። ዐወድ እንደነገረኝ፣ ይህን ዓይነቱን መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች የእውነት የሊፒስቲክ ቀፎ ገዝተው ነው ማግኔቱንና ሽቦውን ውስጡ የከተቱት። ብኸይታ ገና ሙሽራ ሳለች ቱቦዎቹን አይታ "ከኔ በፊት የማን ከንፈር ነው እዚህ የገባው?" ብላዋለች አሉ። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ስማቸው ሊፒስቲክ ሆነ።

ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ? በየሠርጉ ሌላ ጊታር ሰምቻለሁ፤ ብዙው ወፍራም ነው፣ በልቶ የጠገበ። የዐወድ ጊታር ግን ቀጭንና ጥርት ያለ፣ መሀሉ ክፍት ነበር። ብርጭቆ በማንኪያ ጫፍ ስትነኩ የሚወጣው ዓይነት። "ይሄ ጊታር አይጋፋም፣ ለዘፋኝ ቦታ ይተዋል" ይል ነበር ዐወድ። እውነቱን ነው። ያ ክፍት ቦታ ምን እንደሚያስገባ ግን እሱም አላወቀም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ በሱቁ የጓሮ በር በኩል ወደ ግቢው ፊቱን አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይለማመዳል። መኖሪያቸው እዚያው ግቢው ውስጥ ነው። ምግብ ሲደርስ ብኸይታ ትመጣለች፤ ሁለት ጊዜ በአፏ ጠርታው ካልሰማ ወደ ጊታሩ ጎንበስ ትልና በቋንቋቸው "ዐወድ፣ ና፣ ገንፎው ቀዘቀዘ" ትላለች፤ ለሰውዬው ሳይሆን ለክሮቹ። ይኸው ድምፅ ቀጥኖና ጠርቶ በማጉያው ይወጣል። እኔ እዚህ መኪናዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ቋንቋቸውን ከማወቄ በፊት ያወቅኩት ይህን ዓረፍተ ነገር ነው። እሱ ታዲያ በአፉ አይመልስላትም። ክሩን ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ያደርግና ጨዋታውን ይቀጥላል። "ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አንድ ቀን እንኳ በአፉ 'መጣሁ' ብሎኝ አያውቅም" ትለኝ ነበር፣ እየሳቀች።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ፤ የእኔም እጅ አለበት። በሁለት ሺህ ሁለት የእህቴን ልጅ በሰፈራ መንደራችን፣ በአምባው ስንድር ዐወድ ሊጫወት መጣ። ዳሱ ጠባብ ነበርና ማጉያውን አጠገቡ አስቀመጡት። ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሊፒስቲኮቹ የማጉያውን ድምፅ መልሰው እየሰሙ ያፏጩ ጀመር። አንዴ ሆነ ሁለቴ፣ ሕፃን አለቀሰ፣ አሮጊቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። እኔ ምላሴ ቀድሞኝ "አንተ ዐወድ፣ ይህን ጅብ ከዳሳችን አስወጣልን!" አልኩ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ዐወድ ፊቱ ጠቁሮ ድምፁን ቀነሰ፣ እስኪመሽም ቀና አላለ።

ሌላ አገር ያለ ጊታር ተጫዋች ቢሆን ማጉያውን ሁለት እርምጃ ያርቅ ነበር፣ በቃ። ዐወድ ግን የዋዛ ነፊ ልጅ ነው። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም ጥሩምባ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ነፊዎቹ ተሰልፈው ተራ በተራ ሲነፉ ነው ዜማ የሚሆነው። አባቱ የቅሉ መጋጠሚያ ተሰንጥቆ ሲያፏጭ ሰም አቅልጠው ይደፍኑት ነበር። "የሚያፏጭ ነገር ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳ ያለው ሰም ይፈልጋል" ብለው ነው ያሳደጉት። እሱም በማግስቱ ቱቦዎቹን ነቅሎ፣ ገበያ ከማር ሻጮች የገዛውን ሰም አቅልጦ አፋቸው ድረስ ሞላቸው።

ፉጨቱ ጠፋ። ማጉያው ላይ ቢያስደግፉትም አያፏጭም። ዐወድ ጊታሩን ታቅፎ ሱቄ ድረስ መጣና "የታለ ጅብህ?" አለኝ፣ ኮራ ብሎ። እኔም "አሁን ሰው ሆነ" አልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ሆኖ ነበር፤ ሁለታችንም አላየንም።

ያየችው ብኸይታ ናት። ከሳምንት በኋላ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ ክንዷን ዘርግታ ቆማ ሳለ "አገኘሁሽ፣ ጊታሩ ደነቆረ" አለችኝ።

"ምን ሆነ?"

"ሦስት ቀን ጠራሁት። እሱም አልሰማ፣ ዐወድም አልሰማ። ገንፎው በረደ።"

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ለምግብ የምትጠራው ልጃቸው ዓፊያ ሆነች። ብኸይታ ወደዚያ በር አልመጣችም። የባልና ሚስት ጨዋታ ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ለዐወድ አልነገርኩትም። እሷ እስክትሞት ስምንት ዓመት ሙሉ አልነገርኩትም።

በሁለት ሺህ አሥር ሦስት ወር ታማ ሞተች። ዐወድ ጊታሩን ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ሁለት ዓመትም አቧራ ጠጣ። አንድ ቀን አውርዶ ሲነካው ሰማሁና ደስ ብሎኝ ብቅ ብል፣ መልሶ ሲሰቅል ደረስኩ።

"ምነው?"

"የለችበትም" አለኝ።

ሐዘን ነው ያናገረው ብዬ ተመለስኩ። እሱ ግን ጥፋቱ የሽቦው ማርጀት መሰለው። ቱቦዎቹን ከፍቶ የደረቀውን ሰም ሲፈለቅቅ ሽቦው ተበጣጠሰ። የሰዓት ለቀማው የተጀመረው ያኔ ነው። ያንን ሽቦ በእጅ መጠምጠም አይቻልም፤ ስለዚህ የኔ የእግር ስፌት መኪና ተፈለገ። የታች ክር በምጠቀልልባት ትንሽ መዘውር ላይ ማግኔቱን ያስራል፣ እኔ እረግጣለሁ፣ እሱ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይመራል። ትንሽ ከፈጠንኩ ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ የአንድ ሳምንት ልፋት ይሄዳል። ስንት ሙሽራ ቀሚሷን እየጠበቀች ከበሬ ላይ ቆማለች!

ሦስት ጊዜ ጨረስን። ሦስቱንም ጊዜ አባቱ እንዳስተማሩት በሰም ደፈነው። ሦስቱንም ጊዜ ማጉያውን ከፍቶ ሁለት ዜማ ተጫወተና "የለችበትም" አለ። ሦስተኛው ላይ ጊታሩን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ፣ ወደ እኔ ሳይዞር እንዲህ አለኝ፦

"አገኘሁሽ፣ ፊቱ አልጠፋኝም። እጁ፣ አካሄዱ አልጠፋኝም። ሲጠራኝ ድምፁ እንዴት ነበር? እሱ ጠፋኝ። ዓፊያን ጠየቅኩ፣ አላስታውስም አለ። አንተ ታስታውሳለህ?"

ስለ ብኸይታ ነው የሚያወራው።  አስታውሳለሁ እንጂ! የበርታ ቋንቋን የጀመርኩት በእሷ ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ እሷ ለክሮቹ ስትናገር፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሳያስተውል፣ በማጉያው ስትወጣ የነበረውን፣ እኔ ዳስ ውስጥ ጅብ ያልኩት ያንኑ ጆሮውን እንደነበር፣ ሰሙ ከፉጨቱ ጋር እሷንም እንደደፈነ፣ ቀሚስ ስትለካ ያለችኝን። ሦስት ቀን መጥራቷንም አልደበቅኩም።

ጊታሩን ከጭኑ ላይ አወረደ። ከዚያ "ሦስት ቀን?" አለ።

"ሦስት ቀን።"

"እኔ ፉጨቱን ደፈንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ እጫወታለሁ፣ እሱ እዚህ ቆሞ ይጠራኛል።"

ሱቁን ዘግቶ ሄደ። አምስት ቀን አልመጣም። ሰላምታዬንም በሰው በኩል ነው የሰማው። ተቀየመኝ፣ መቀየም ይገባው ነበር። እኔም ሙሽራ የማያስቸግረኝ ሳምንት አግኝቼ ሥራ አልሠራ አለኝ፤ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ብኸይታን ናፈቅኳት። ሰው በሞተ በሰባት ዓመቱ እንደ አዲስ እንደሚናፈቅ አላውቅም ነበር።

በስድስተኛው ቀን ሰዓት የሞላው ማዳበሪያ ተሸክሞ በሬ ላይ ቆመ። "እግርህን እፈልጋለሁ" አለኝ። እንደዚያ ነው የታረቅነው።

አራተኛውን ጥምጥም አሥራ አንድ ቀን ፈጀን። ከዚያ በፊት እንዲህ ቀስ ብዬ ረግጬ አላውቅም። ሲያልቅ ሽቦውን በፕላስተር ብቻ ሸፈነው፣ ቱቦው ውስጥ ከተተው፣ ሰም አላፈሰሰበትም። የሰሙን ጣሳ ራሱ ወስዶ ለኔ ሰጠኝ፤ "ክር እሽበት" አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ለጥምጥሙ ወደ ሱቁ ካስገባናት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ክሮቹን አሰረ፣ ማጉያውን ከፈተ፣ አንዱን ክር ነካ። ብርጭቆው መጣ። ያው ቀጭኑ፣ መሀሉ ክፍት የሆነው። እግሬ ከመርገጫው ላይ ተነሣ። ዐወድ ድሮ ሲወደው የነበረውን የሠርግ ዜማ እስከ መጨረሻው ተጫወተውና መዳፉን ክሮቹ ላይ ጭኖ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ ጓሮው በር አዙሮ ተቀመጠ።

ማጉያው የሰፈሩን ድምፅ ይሰበስብ ጀመር። በመንገድ የምታልፍ ባጃጅ ጡሩምባ፣ እኔ ያስቀመጥኩት መቀስ ድምፅ፣ የሱ ትንፋሽ። ማንን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ በሩን አየሁ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ የተሰጣ ልብስና የማንጎ ጥላ ብቻ።

ብዙ ቆየ። በመጨረሻ እንደ እሷ ጎንበስ አለ፣ ከንፈሩ ክሮቹን እስኪነካ። በቋንቋቸው አንዲት ቃል ተናገረ፤ ቃሉም ቀጥኖ፣ ጠርቶ በማጉያው ወጣ።

"መጣሁ።"

ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ማጉያውን አላጠፋም፤ በጓሮው በር ወጥቶ የውኃ በርሜሉ ጋ ጎንበስ ሲልና እጁን ሲታጠብ የውኃው ድምፅ በሊፒስቲኮቹ በኩል ይሰማኝ ነበር። ሲጨርስ እጁን አራግፎ ወደ ቤት ገባ።